አፈሙዝና ጥይት ሲስማሙ

በፉከራችንና በሽለላችን ጠመንጃ የሚወደሰው በስሙና በቁመናው ነው። ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ሰሚው ስለ ጠመንጃው ግርማ ብዙ ይሰማል፤ ጥይቱ ዒላማውን ስለሚያገኝበት ምክንያት ግን አንዳች አይሰማም። ጉድለቱ የግጥም ብቻ አይመስለኝም።

ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» በአማርኛ አንደበት ተገርቶ የወጣ ነው። ጠመንጃው እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሲሆን የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ ግን 6.5 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን፣ ከጠላት የተማረከ የካርካኖ ጥይት ለውጅግራ አይሆንም ነበር። የራሱ ጥይት ያለቀበት ውጅግራ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ከዱላ አይሻልም።

ይህ እውነት ዛሬ ጎልቶ የሚታየው በጨዋታ ሜዳ ነው። ፔይንትቦል በሚባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ቀለም የተሞላ ልል ኳስ በታመቀ አየር ይተኳኮሳሉ። የኳሱ ስፋት በስም 0.68 ኢንች፣ ማለትም 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢባልም፣ በእርጥበትና በሙቀት ይለዋወጣል። ጀማሪው ረጅሙን አፈሙዝ ይመርጣል። ነገሩን የሚያውቀው ግን ኳሱን አፈሙዙ ውስጥ ከትቶ እፍ ይላል። ኳሱ ራሱ ተንከባሎ ከወጣ አፈሙዙ ሰፍቷል፤ በትንፋሽ ካልተነቃነቀ ጠብቧል፤ በመጠነኛ ትንፋሽ ከወጣ ተስማምተዋል። ሲስማሙ ፍጥነቱ ከተኩስ ተኩስ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ተኳሹም ኳሱ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ርዝመት ከልኩ ካለፈ ሰበቃን ጨምሮ አየር ከማባከን በቀር ለዒላማ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ኳሱ ከተንጋደደ ደግሞ ምርጡ አፈሙዝም አያቀናውም።

መሣሪያው «ማርከር»፣ ምልክት ማድረጊያ፣ ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ዛፍና ከብት በቀለም ለመለየት ነበርና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 አሥራ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ መጫወቻ አደረጉት። የተመታው ሰው ልብሱን አጥቦ ቤቱ ይገባል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጉግስም ፈረሰኛው ዘንግ ይወረውራል፣ ባላጋራው በጋሻ ይመክታል፣ ማታ አብረው ማዕድ ይቀርባሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ዳግም የጦር ሜዳ ሆነ። ጠመንጃን በስሙ ብቻ የሚያወድስ ስንኝ በዚህ ጊዜ ንጹሕ ጌጥ ሆኖ አይቀርም፤ ጥይቱ ማን ላይ እንዳረፈ ሳይጠይቅ ያልፋልና። ፉከራ የአርበኞች ቅርስ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይቀበር አላልሁም። ነገር ግን የዛሬ ገጣሚ ከአፈሙዙ ርዝመት ይልቅ የአነጣጣሪውን ልክ ማወቅ፣ ከወዳቂውም ብዛት ይልቅ ተመትቶ የሚነሣበትን ጨዋታ ቢያወድስ፣ አባቶቹን አያሳፍርም።

ቸር ያሰማን።