የሚያፏጨው ሞተር

ከቦሳ አዲስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ሳይቀምስ አያልፍም። በዳገቱ ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው እንደ ሆነ፥ ከአይሱዙው ሞተር እንደ ዋሽንት የቀጠነ ፉጨት ሳይሰሙ አልቀሩም። የሚያፏጨው ቱርቦ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በከንቱ ሊወጣ የነበረው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው ጓደኛዋ ደግሞ አየር እየሳበች ወደ ሲሊንደሮቹ በግፊት ታስገባለች። ይህን ሐሳብ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ አስመዝግቦታል። ዘንጓ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች፤ የምትንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው።

ለጅማ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ አየራችንም ከባሕር ጠረፉ አየር ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ቱርቦው ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ነገር ግን ስስ አየር ለማጥገብ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ፈጥኖ መዞር ግድ ይሆንበታል። ደገኛ ቱርቦ ስለዚህ ሁልጊዜ ከአቅሙ ጫፍ አጠገብ ነው።

ተማሪዎች በስልካቸው እየተቀባበሉ የሚያዩአቸው የ1989ኙ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አርና ኃይለኛው የ1993ቱ ቶዮታ ሱፕራ ሁለት ሁለት ቱርቦ አላቸው። እነዚያን ቦሳ አዲስ ላይ ማየት ዘበት ነው፤ አሮጌ አይሱዙ ግን ሞልቷል። ሕጋቸው አንድ ነው።

እንግዲህ አማችዎ አሮጌ አይሱዙ ገዝተው፥ እርስዎም ከደመወዝዎ ያጠራቀሟትን ጨምረው ይሆናል። የቡና ወቅት ሲደርስ ከአጋሮ ብዙ ጆንያ ጭኖ መመላለስ ያምራል። አንዱ መካኒክም፥ «ጋሼ፥ ፓምፓውን ትንሽ ብንከፍተው ይበራል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይበራል። ብሎኗ ስትዞር ናፍጣው ይጨምራል፥ አየሩ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ሙቀቱ ያይላል፤ ፒስቶን ይቀልጣል፥ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ያውም በሜዳ ሳይሆን፥ ዳገት ላይ ከነጭነቱ። መክፈት የግድ ከሆነ አስቀድሞ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይግጠም፤ ብዙ ባለሙያዎች ከ700 ዲግሪ ግድም እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ለመለኪያው ገንዘብ ያጣ ሰው ለፒስቶኑ ከየት ያመጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እንዳከበደው ያውቃሉ፤ ሌላ ልግዛ ማለት ቀላል አይደለም።

ኃይል በቀነሰ ቁጥር «ቱርቦው ሞቷል» ማለት ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ፍርዱ ይቸኩላል ባይ ነኝ። ጥቁር ጭስ ከመጣ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይዩ፤ የበጋ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ እየጨመቁ ስንጥቅ ይፈልጉ። ሰማያዊ ጭስ ግን የዘይት ነው፤ ከቱርቦው ወይም ከፒስቶን ቀለበቶች ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ቱቦውን ፈትተው ዘንጓን በጣትዎ ይነቅንቁ። ጥቂት መነቃነቅ ደኅና ነው፤ የመዘውሯ ክንፎች ግድግዳውን ከነኩ ግን ጉዞው ይቅር። ዘይቱ በብዛት ወደ ሲሊንደር የገባ እንደ ሆነ ናፍጣ ሞተር ዘይቱን እየጠጣ ቁልፍ ቢዘጉትም አይቆምምና። ያን ጊዜ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፥ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፥ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው እንጂ በአየር መሳቢያው ላይ እጅን መደቀን ጣት ያስቆርጣል።

ብዙው ጥፋት ግን የሚጀምረው ከምሳ ነው። መኪናው ጊቤን ተሻግሮ አበልቲ ሲወጣ ቱርቦው እንደ ፍም ግሏል። ሾፌሩ ርቦታል፤ እንደ ቆመ ቁልፉን ያጠፋል። ዘይቱ መመላለሱን ያቆማል፤ በዘንጓ ዙሪያ የቀረውም እዚያው አርሮ ከሰል ይሆናል፥ ውሎ አድሮም የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ቢሠራ ኖሮ በበረደ ነበር። ባለፈው ሰሞን ይህንኑ ለአንድ ሾፌር ብነግረው፥ «ናፍጣው በማን ኪስ ነው?» ብሎኝ ወደ ሽሮው ገባ።