ከፊርማዎ በታች ያለችው መስመር

በአሜሪካ የንግድ ደብዳቤ መዝጊያ አያስጨንቅዎ። «ከሰላምታ ጋር» እንደምንለው ሁሉ «ሲንሲርሊ» ይበቃል። ጀማሪ ጠበቃ ስለ መዝጊያው ቃል ይጨነቅ ይሆናል፤ ለእኛ ለነጋዴዎች ቁም ነገሩ ከፊርማው በታች ነው።

ሱቅዎን ወይም ታክሲዎን በኮርፖሬሽን ካስመዘገቡ፣ ለአከራይም ሆነ ለባንክ ሲጽፉ የድርጅቱን ስም፣ ፊርማዎን፣ ከሥሩም «ፕሬዚዳንት» የሚለውን ማዕረግ ያስፍሩ። በኪራይ ውል ላይ በግል ስምዎ ብቻ ከፈረሙ ግን ንግዱ ሲከስር ዕዳው ቤትዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል። «ፐርሰናል ጋራንቲ» የሚል ገጽ ላይ ከፈረሙ ደግሞ ማዕረጉም አያድንዎትም፤ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ኮርፖሬሽኑን ያቋቋሙት ገንዘብ ከፍለው ነው። ከለላውን አንዲት መስመር ለመጻፍ በመስነፍ አይጣሉት።