በሰው አገር በር ዘግቶ ስለ መኖር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው ሁሉ ከዘመድ አንድ ምክር ይሰጠዋል። «ሥራህን ሥራ፤ ደመወዝህን ተቀበል፤ ሲመሽ በርህን ዝጋ፤ ከባዕድ ጋር አትቀላቀል» ይሉታል። ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው፤ ሆኖም መጥፎ ምክር ነውና እቃወመዋለሁ።

በር ዘግቶ መኖር ምን እንደሚያተርፍ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈራችን ስም ይመሰክራል። «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም በአጭሩ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን፣ ለሥራ ተልከው የመጡት ጣልያኖች እንዲኖሩበት የታሰበ ሰፈር ነበር። ገዢዎቻቸው ከተማይቱን ለነጭና ለጥቁር ከፋፈሉ፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕጋቸውም ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረውን ጣልያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት ይቀጣ ነበር። ከዚህ ሁሉ አጥር የተረፈው ምንድን ነው? የአንድ ድርጅት ስም ብቻ! ሰፈሩም ራሱ በ2017 ዓ.ም. በብዛት ፈርሷል።

አሁን ደግሞ የእኛን ሰዎች እንመልከት። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ወታደሮቹ የተላኩት ለውጊያ ነበር፤ ከዚያ በቀር የታዘዙት ነገር አልነበረም። እነርሱ ግን ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች ሰበሰቡ፤ በ1945 ዓ.ም. ቦህዋ የተባለውን ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ከደመወዛቸውም እያዋጡ አበሏቸው። ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ይህ ግን በራቸውን አላስዘጋቸውም። ኮሪያውያን እስከ ዛሬ ውለታቸውን ያነሣሉ።

«መጠጡስ? ጾሙስ?» የሚል ይኖራል። መልሴ ይህ ነው፦ አብሮ መቀመጥና አብሮ መስከር አንድ አይደሉም። ጾመኛ ከሆንህ «ዛሬ እጾማለሁ» ብለህ ሻይህን ይዘህ ከባልደረቦችህ ጋር ተቀመጥ። ስለ ጾምህ ይጠይቁሃል፤ አንተም ስለ አገርህ ትነግራቸዋለህ። ከአገርህ ልጆች ጋር ቡና አፍልተህ በአማርኛ መጫወትም ደግ ነገር ነው፤ ናፍቆትን ያስታግሣል። ነገር ግን ሰባቱንም ምሽት ከእነርሱ ጋር ካሳለፍህ፣ ከአዲስ አበባ ለምን ወጣህ?

የሥራው ምስጢር ያለው በምሳ ገበታ ላይ ነው። አለቃው በጽሑፍ ያላስረዳውን፣ ባልደረባ እየሣቀ ያስረዳል። በታመምህ ጊዜ ሐኪም ቤት የሚያደርስህ፣ በተበደልህም ጊዜ «እኔ እመሰክርለታለሁ» የሚልህ፣ ትናንት አብሮህ የበላ ሰው ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል በአገር ቤት ብቻ አልተባለም።

ይህን የምናገረው በራቸውን በገዛ እጃቸው ለሚዘጉት ነው። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው፣ አሠሪ ቁልፍ የሚቆልፍባቸው እኅቶች አሉን። እነርሱ አንዲት ጓደኛ አግኝተው ለመጫወት በር እንዲከፈትላቸው ይለምናሉ፤ አንተ ግን የተከፈተልህን ትዘጋለህ። ይህ ነውር አይደለምን?

እንግዲህ ልማዱን ከመሄድህ በፊት እዚሁ ጀምር። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በቂርቆስና በአካባቢው ከብዙ አገር ለሥራ የተላኩ ሰዎች ይኖራሉ። ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ ጎረቤትህ ወይም የሥራ ባልደረባህ ይሆናል። በመጪው በዓል ወደ ቤትህ ጥራው፤ እንጀራውን እንዴት እንደሚቆርስ አሳየው። በሰው አገር እንዲደረግልህ የምትሻውን አስቀድመህ በአገርህ አድርግ።