ሉሲን አይተው፣ እናቲቱን ሳያዩ

ወገን! ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችን «አለፈ፣ ተዘጋ» ብለን የተውነውን ጉዳይ ነው። ማደጎን። በተለይ ደግሞ ልጅ ሊወስዱ መጥተው አገር ጎብኝተው ስለተመለሱት ፈረንጆች፣ ስላስጎበኘናቸውም ስለኛ ስለራሳችን።

ፕሮግራሙ ይህን ይመስል ነበር። ባልና ሚስት ቦሌ ያርፋሉ። እንግዳ ማረፊያ ገብተው ያድራሉ። በማግስቱ ልጁ ያለበት ማሳደጊያ ሄደው ያቅፉታል፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ እስከ ቀጠሮው ቀን ጊዜ ይተርፋቸዋል። ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ጉብኝት ነው! አራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው ሉሲን ያያሉ። እንጦጦ ወጥተው ከተማውን ቁልቁል ይመለከታሉ። መርካቶን በመኪና መስኮት ያልፏታል። ሽሮ ሜዳ ወርደው ለልጁ የሀበሻ ልብስ ይገዛሉ፤ አንዱን ለዘንድሮ፣ አንዱን ለሦስት ዓመት፣ አንዱን አሥር ሲሞላው የሚለብሰው። ማታ ባህል ምግብ ቤት ሄደው እስክስታ ያያሉ። ከዚያ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ኤምባሲ፣ ከዚያ አውሮፕላን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህማ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ሁለት ጊዜ ነበር የሚመጡት፤ አንዴ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዴ ለቪዛው። ለጉብኝትም ሁለት ጊዜ ዕድል ነበራቸው ማለት ነው።

ሲመለሱም «የልጃችንን አገር አየን» አሉ።

ኧረ አላያችሁም! የልጁ አገር እንጦጦ አይደለም። የልጁ አገር የተወለደበት ጎጆ ነው፤ እናቱ ውሃ የቀዳችበት ምንጭ ነው፤ አያቱ የተቀበረበት ደብር ነው፤ ሲወለድ እልል ያለችው ጎረቤት ናት። ሉሲ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አፅም ናት፤ ትጠብቃለች። የልጁ እናት ግን በሕይወት እያለች፣ እዚያው አገር ውስጥ ሆና፣ ማንም ሳይጎበኛት ቀረች። አንዳንዶቹ አግኝተዋታል፣ አይካድም። ግን በአስተርጓሚ፣ በካሜራ ፊት፣ ተላቅሶ ለመለያየት እንጂ ለመተዋወቅ በማይበቃ ጊዜ።

ከአዲስ አበባ ዓለም ከተማ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአንድ ቀን መንገድ። ዓለም ከተማን ለምሳሌ ያህል ነው የጠራነው፤ ልጁ ከወላይታም ይምጣ ከከምባታ፣ ከአርሲም ይምጣ ከወሎ፣ ነገሩ ያው ነው። እስቲ ንገሩን፣ አትላንቲክን የተሻገረ ሰው ጀማን መሻገር እንዴት ያቅተዋል? አላቃተውም። አላስፈለገውም። እንዲያስፈልገውም የነገረው የለም።

ቁጥሩን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2004 በማደጎ ወደ አሜሪካ የሄዱት የኢትዮጵያ ልጆች 300 አይሞሉም ነበር። በ2005 አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ሕፃን ስትወስድ የዓለም ካሜራ ወደኛ ዞረ። በ2010 ቁጥሩ ከ2,500 አለፈ። ያን ዓመት ለአሜሪካ ብዙ ልጅ በመስጠት ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛዋ አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ከ1999 ጀምሮ ሲደመር ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የገቡት እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ለአንድ ልጅ ጠቅላላ ወጪው ከ20 ሺህ ዶላር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በሚዞርበት ቦታ ደላላ አይጠፋም። አልጠፋምም።

እዚህ ላይ ፈረንጁን ብቻ መርገም ይቀላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ገጠር ድረስ ወርዶ «ልጅሽ ተምሮ ይመለሳል፣ ነገ ይጦርሻል» ያላት ፈረንጁ አይደለም። የኛው ሰው ነው፤ አማርኛ የሚናገር፣ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ወላይትኛ የሚናገር። እናት እያለች «እናት የለውም» ብሎ ወረቀት የሞላው የኛው ሰው ነው። ማኅተም የመታውም የኛው ሰው ነው። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የማደጎ ፋይል ወደ 5 አወረደው። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የአንድ የማደጎ ድርጅት ሰዎችን በኢትዮጵያ ልጆች ጉዳይ በሐሰተኛ ሰነድና በጉቦ ከሰሰ። እነሱ የነሱን ሰዎች ፍርድ ቤት አቆሙ። እኛስ የኛን ደላሎች በስም እናውቃቸው የለም? ዛሬም ሰፈር ውስጥ ቡና ይጠጣሉ።

ደግሞ ማጭበርበሩ ሁሉ ቀርቶ፣ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነበትን እንኳ ብናይ፣ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነገር አንድ አልነበረም። እኛ ጋ ማደጎ ዝምድና መጨመር እንጂ ዝምድና መቁረጥ አይደለም። የጡት ልጅ የሚባለውን አስቡት፤ የጡት አባት ያገኘ ልጅ የወለደውን አባት አያጣም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል የመጣው ከኦሮሞ ወንድሞቻችን ባህል ነው፤ እዚያም ልጁ ቤት ይጨምራል። የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 183 ይህንኑ ነው የሚለው፤ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። አያችሁ? እናቲቱ የፈረመችው በዚህ ስሜት ነው። ልጁ የሄደበት አገር ሕግ ግን አሮጌውን ዝምድና ቆርጦ፣ የልደት ወረቀቱን በአዲስ እናትና አባት ስም ጽፎ ይሰጣል። እሷ «ላኩት» ብላ ፈረመች፤ እነሱ «የኛ ሆነ» ብለው ተረከቡ።

ይህ ደግሞ ለአንድ የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ልጅ መንገድ ላይ ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስምህ ማነው?» አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። አባቶቻችን ርስት በአባትም በእናትም ቆጥረዋል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እንግዲህ ሚኒሶታ ያደገው ልጅ ሰባት ቤቱን ከየት ይቁጠር? አንዱን ቤት እንኳ አላሳዩትም። ያሳዩት ሉሲን ነው!

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲያቃጥሉ ከወርቁና ከብራናው ጋር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወሰዱ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን እንግሊዝ አገር አስጎበኙት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አቀረቡት፣ ፎቶ አነሱት፣ ትልልቅ ትምህርት ቤት አስገቡት። ምንም አልጎደለበትም ይላሉ። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ አገሩ። በ18 ዓመቱ ሞተ፣ ዊንድዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 አፅሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። የሞተውን እንኳ አልመለሱም።

ሃና አለሙን ደግሞ ታስታውሳላችሁ? በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ የወሰዷት ሰዎች ግቢ ውስጥ በብርድ የሞተችው ልጅ። እየተራበች፣ እየተገረፈች፣ ውጭ እንድትቆም እየተደረገች። አሳዳጊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርዶባቸው ሴትዮዋ ወደ 37፣ ሰውዬው ወደ 28 ዓመት እስር ገቡ። ሁሉም አሳዳጊ እንደዚያ ነው አላልንም፣ አንልምም። እንደ ዓይናቸው ብሌን ያሳደጉ፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ብዙ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ሃና ስትራብ ጎረቤት «የእገሌ ልጅ ምነው ከሳች?» የሚል አልነበረም። አክስት አልነበራት፣ ክርስትና እናት አልነበራት። ሰባት ቤት ማለት እኮ ይኼ ነው። ጌጥ አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

አሁን የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ልጁ እዚህ ቢቀር ይራብ አልነበረም ወይ? ድህነቱን የማን ታሪክ ይሸፍነዋል?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ዓለም ከተማ ላይ ቆሟል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርል ሀይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎች ለሰዎች የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ መርሐቤቴ ገብቶ ዓመታት ሠራ፤ እናት ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ስሙን ልብ በሉ፣ እናት! ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ያለችው ፋተርሽቴተን የምትባል ከተማ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ከዓለም ከተማ ጋር ተጣምራለች። እነዚህም ፈረንጆች ናቸው። እነዚህም የጀማን ገደል አይተው ተደንቀዋል፣ ጭላዳውን ፎቶ አንስተዋል። ግን ልጁን ከእናቱ አልነጠሉም፤ እናቲቱ የምትወልድበትን ቤት ሠሩ። ልዩነቱ ይህ ነው። ችግሩ ፈረንጅ መሆን አይደለም፣ መጎብኘትም አይደለም። ድሃ መሆንና ወላጅ አልባ መሆን ግን አንድ አይደሉም። ለአንድ ልጅ ጉዞ የወጣው ብር ስንት እናት ልጇን ታቅፋ እንድታሳድግ ያደርግ ነበር?

ፓርላማው በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር የውጭ አገር ማደጎ እንዲቆም ወሰነ፣ የቤተሰብ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ተሻሻለ። ጥሩ። እኛም አጨበጨብን። ግን በሩን ዘግቶ መተኛት መፍትሔ አይደለም። ያኔ የሄዱት ልጆች ዛሬ ሃያም ሃያ አምስትም ሞላቸው። እየመጡ ነው። ቦሌ ሲያርፉ ማን ይቀበላቸዋል? አስጎብኚ! ሉሲ፣ እንጦጦ፣ መርካቶ፣ ሽሮ ሜዳ። ያው የአሳዳጊዎቻቸው ፕሮግራም። እናታቸው ደግሞ በየገጠሩ «ልጄ በሕይወት ይኖር ይሆን?» እያለች ስንት ዓመቷ!

ስለዚህ ትውልድ፣ ቁጣው ሥራ ይሁን።

አንደኛ፦ በሰፈርህ፣ በቀበሌህ ልጅ ለማደጎ የሰጠ ቤተሰብ ካለ ሂድ፣ አብረህ ተቀመጥ፣ ጻፍላቸው። የልጁ ስም፣ የክርስትና ስሙ፣ የተወለደበት ዘመን፣ የወሰደው ማሳደጊያ፣ መሃል የገባው ሰው። ያለ ፎቶ ካለ በስልክህ አንሳ። አረጋውያኑ ሳያልፉ ጻፍ። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባል የሚለያዩትን የሚያገናኝ መዝገብ አለ፤ ፊደል የማይቆጥሩ እናቶች እዚያ እንዲመዘገቡ እጅ የምትሆናቸው አንተ ነህ።

ሁለተኛ፦ የመጣውን ልጅ አስጎብኝ አትሁንበት፣ ዘመድ ሁነው። አማርኛ አልቻለም ብለህ አትሳቅበት። ዶላር አለው ብለህ አትክበበው። ከእናቱ ጋር ሲገናኝ ካሜራህን ቀስረህ ቲክቶክ ላይ አትልቀቅ። እንባቸው የነሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች ዛሬ በየቤቱ፣ በየአያቱ እጅ አሉ። ማደጎ ለኛ ተከልክሎ አያውቅም፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ አለ። ልጅ መውሰድ የቻለ ይውሰድ። ያልቻለ ደብተር ይግዛ፣ ቀለብ ይስፈር። ፈረንጅን «ልጃችንን ለምን ወሰድክ?» የሚል አፍ፣ የጎረቤቱ ልጅ ተርቦ ሲያድር ዝም ካለ ዋጋ የለውም።

አራተኛ፦ ነገ «በሩ ይከፈት» የሚል ሲመጣ፣ ይመጣልም፣ ዝም አትበሉ። ጠይቁ። እናቲቱ ማን ናት? ምን ብላችሁ ነገራችኋት? ልጁ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በምን በኩል ነው?

ይህን ሼር ስታደርግ ለአንድ ሰው ለይተህ ላክለት፤ ልጅ የሰጠ ቤት ለሚያውቅ ሰው። ያ ልጅ አንድ ቀን ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ ይወርዳል፣ ወይም ሶዶ፣ ወይም ደሴ። ያን ቀን ትኬት የሚቆርጥለት ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኑር። መልሱንም የሚነግረው።