የአይጥ ልብ ለአዛውንት ልብ አይመሰክርም

መከፋፈል አቁመው አልሞት ያሉ ያረጁ ህዋሳት ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችን እየረጩ ጎረቤቶቻቸውን እንደሚጎዱ አልክድም። በ2011 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ያለጊዜያቸው ከሚያረጁ አይጦች እነዚህን ህዋሳት ሲያስወግዱ የእርጅና ምልክቶች ዘግይተዋል። የምቃወመው ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥድፊያ ነው፤ በተለይ የህዋሱን የካልሲየም ሚዛን በማናጋት እንግደለው የሚለውን።

ኡዋባይንን እንውሰድ። በአገራችን ከሚበቅለው ምረንዝ ይገኛል፤ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት መርዝ ነው። በ2019 ሁለት የምርምር ቡድኖች ኡዋባይንና ዲጎክሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ያረጁ ህዋሳትን መርጠው ይገድላሉ ብለው አሳተሙ። እነዚህ መድኃኒቶች ሶዲየምን ከህዋስ የሚያስወጣውን ፓምፕ ይዘጋሉ። ልብ ውስጥ ሶዲየም ሲከማች ካልሲየም መውጫ ያጣል፤ ጡንቻው በኃይል ይኮማተራል፤ መጠኑ ካለፈ ምቱ ይዛባል። የተወጋውን አውሬ የሚጥለውም ይኸው ነው።

መራጭ ነው የተባለው መድኃኒት የሚነካው ፓምፕ በልብም፣ በአንጎልም፣ በኩላሊትም አለ። ጉዳቱን ደግሞ አይጥ አያሳየንም። በአይጥ ሰውነት በብዛት ያለው የፓምፑ ዓይነት ኡዋባይንን ከሰው ፓምፕ በመቶዎች እጥፍ ይቋቋማል። የሰው ህዋስ የተተከለበት አይጥ መድኃኒቱን ወስዶ፣ የተተከለው ህዋስ ሞቶ እሱ ቢተርፍ ስለ መራጭነት ምን ተረጋገጠ? ከዚህ የበለጠ የሚያሳስት ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ዲጎክሲን በሐኪሞች እጅ የቆየ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። አዎ፣ ስለቆየም አደጋውን እናውቃለን። በልብ ድካም ሕክምና የሚፈለገው በደም ሚሊ ሊትር ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖግራም ነው፤ ከ2 በላይ ሲሆን የመመረዝ ስጋቱ ይበረታል። የሚወገደው በኩላሊት ነው፤ የአረጋውያን ኩላሊት ደግሞ ይዳከማል። ብዙዎቹ ለግፊት የሚወስዱት የሽንት መድኃኒት ፖታሲየም ይቀንስባቸዋል፤ ያ ደግሞ መርዛማነቱን ያባብሳል። የእርጅና መድኃኒት የሚታዘዝላቸው እነሱ አይደሉም ወይ?

ያረጀ ህዋስ ሁሉ ጠላት ነው ማለቱም ልክ አይደለም። በ2020 የወጣ ጥናት በአይጦች ጉበት የደም ሥር ውስጥ ያሉትን ያረጁ ህዋሳት ማስወገድ ጠባሳ እንዳመጣና የአይጦቹን ጤና እንዳጓደለ አሳይቷል።

ስለዚህ አንድም አዛውንት ለሙከራ ከመጠራቱ በፊት፣ ያረጀውን ህዋስ የሚገድለው መጠን በሰው የልብ ጡንቻ ህዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይለካ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታተሙ።