ኪሱ ሲጎድል ሕገወጥ የሚሆነው ተማሪ!

ለመሆኑ ተማሪ ማለት ምን ማለት ነው? «የሚማር ሰው ነዋ!» ብላችሁ የመለሳችሁ ተሳስታችኋል። አሜሪካ ውስጥ የውጭ አገር ተማሪ ማለት ክሬዲቱን የሞላ ሰው ነው። ክሬዲቱ ከጎደለ ቤተ መጻሕፍት ሲያድር ቢከርም፣ ፈተናውን ሁሉ «ኤ» ቢደፍንም ተማሪ አይባልም። ስሙ ሴቪስ ከሚባለው የኢሚግሬሽን መዝገብ ይሰረዝና ሕገወጥ ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል? በኤፍ-1 ቪዛ የገባ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ለድህረ ምረቃው ግን ሕጉ ቁጥር አልቆረጠም፤ ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑን የሚያረጋግጠው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ብዙዎቹ 9 ክሬዲት ብለው ቆርጠዋል። ኮርሱን ጨርሶ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚጽፈው ግን 1 ክሬዲት እንኳ እንደ ሙሉ የሚቆጥሩ አሉ። እንግዲህ ልብ በሉ! 9ኙም 1ዱም «ሙሉ» መሆን ከቻለ ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ያወጣው ነው፤ ሰው ያወጣውን ደግሞ ሰው ያሻሽለዋል።

ክሬዲት በዶላር ይገዛል። የእኛ ጉድ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንካችን ብርን ለገበያ ለቀቀው። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ዕለት አይ.ኤም.ኤፍ. 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ባለሥልጣኖቻችንም ደስታቸውን አልደበቁም። አባት ግን ሒሳብ ያስላ! አንዱን ክሬዲት 600 ዶላር እንበለው። 9 ክሬዲት 5,400 ዶላር ነው። በድሮው ዋጋ 307,800 ብር የነበረው በ100 ብር ሲመታ 540,000 ብር ይሆናል። ይህ የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ቤት ኪራዩና ቀለቡ አልተነካም። ልጁ አልሰነፈም፣ አባትም አልለገመ። የጎደለው ብሩ ነው።

ታዲያ ኮርስ ይቀንስ? አይችልም። ለመቀነስ የሚፈቀደው ለታመመ፣ ለመጨረሻ ሴሚስተር፣ ወይም ቋንቋውና የትምህርቱ አሰጣጥ ለከበደው ነው። «ገንዘብ አጠረኝ» የሚል ምክንያት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይሥራ? ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢው ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ። ከግቢ ውጭ ለመሥራት በከባድ ችግር ምክንያት ማመልከት ይቻላል፤ ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ሕጉ ራሱ ከችግሮቹ መካከል «የምንዛሪ ከፍተኛ መዋዠቅ» ብሎ ጽፏል። ችግሩን በአፉ ያምናል፣ 9ኙን ክሬዲት ግን ሙላ ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው!

«ሕጉ ከላላ ቪዛውን ለሥራ መግቢያ ያደርጉታል» የሚሉ አሉ። ሥራ ብቻ የፈለገው ሰው እኮ መዝገቡን ጥሎ ከጠፋ ቆየ! ሕጉ የሚይዘው ክፍል ገብቶ የተቀመጠውን፣ አድራሻውን በወቅቱ ያስመዘገበውን፣ ታማኙን ተማሪ ነው።

ደግሞስ ሲላላ አላየንም? ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በአገራችን ቀውስ ምክንያት ለተቸገሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ፈቃዱን ያገኘ የድህረ ምረቃ ተማሪ 3 ክሬዲት ይዞ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ይቆጠር፣ ከ20 ሰዓት በላይም ይሠራ ነበር። ቀነ ገደቡ ተራዝሞ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ደረሰ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሰማይ ተደፋ? ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ? ምንም አልሆነም። 3 ክሬዲት ያኔ ተማሪ ካሰኘ ዛሬ ወንጀለኛ የሚያሰኘው በየት በኩል ነው?

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሕጉ በእጃቸው ያስቀመጠውን ሥልጣን ይጠቀሙበት። ለድህረ ምረቃ «ሙሉ» የሚሉትን ቁጥር የወሰኑት እነሱ ናቸውና «ኢሚግሬሽን ነው ያዘዘን» እያሉ አያመካኙ። የአዲስ አበባ ሹማምንትም ይመልሱልን፦ ብሩን ስትለቁት በውጭ አገር በግል ከፍሎ የሚማረውን ልጅ አስባችሁታል? ስንት እንደሆኑስ ታውቃላችሁ?

ለተማሪውም አንድ ቃል። ኮርስ ድሮፕ አድርጎ በኋላ ማስረዳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከመጣሉ በፊት ነው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ የምንዛሪውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። ድህነት ነውር አይደለም። ነውሩ ድሃን በክሬዲት ሰፍሮ ሕገወጥ ማለት ነው!