ከዕለት ጉርስ ባሻገር

የፋሲካ በዓል በደረሰ ቁጥር ያለው ለሌለው ማካፈሉ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቅርጫ የገባው ከመደቡ ቀንሶ፣ ዶሮ ያረደው ከወጡ ጨልፎ ለተቸገረ ጎረቤቱ ይልካል። ልማዱ መልካም ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ይሁን እንጂ በዓሉ አልፎ የሥራው ቀን ሲመጣ ተቀባዩ ወገናችን በምን ይተዳደራል የሚለው ጥያቄ ከበዓሉ ጋር አብሮ ማለፍ የለበትም። ዛሬ ልናነሣ የወደድነውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ችግረኛው ገበሬ ለብዙ ዓመታት የአስቸኳይ ጊዜ እህል ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። ይህን ለመለወጥ በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በገጠር ተጀመረ። በዚህም መሠረት የምግብ እጥረት ካለባቸው ቤተሰቦች መካከል ጉልበት ያላቸው እርከን እየሠሩና መንገድ እየጠረጉ ስንዴ ወይም ጥሬ ገንዘብ ሲያገኙ፣ አረጋውያንና ሕሙማን ግን ያለ ሥራ ግዴታ በቀጥታ እንዲደገፉ ተደረገ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ተመሳሳይ አሠራር አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተዘረጋ። በማለዳ ተነሥተው መንገድ ሲያጸዱና ችግኝ ሲንከባከቡ የምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ ፕሮግራም የታቀፉ ናቸው። ለሦስት ዓመት እንዲሠሩ፣ ከክፍያቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ፣ የሙያና የንግድ ሥልጠና እንዲወስዱ፣ በመጨረሻም መነሻ ገንዘብ ተሰጥቷቸው “ተመርቀው” እንዲወጡ ታቅዶ ነበር።

ዕቅዱ ማለፊያ ነው። እኛን የሚያሳስበን ምረቃ የሚለው ቃል ነው። ተማሪ የሚመረቀው ትምህርቱን ጨርሶ ነው፤ ድሀ ቤተሰብ ግን የሚመረቀው ድህነቱን ጨርሶ ነው ወይስ ጊዜው ስላለቀ? ሦስት ዓመት ለሁሉም ቤት እኩል አይደለም። ሁለት ጎልማሶች ያሉበት ቤትና አንዲት እናት አራት ልጆች የምታሳድግበት ቤት በአንድ ቀን እኩል ሊጸኑ አይችሉም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የዶሮ እርባታ የሠለጠነች አንዲት እናት እናስብ። ሙያውን አውቃለች፤ ቆጥባለች፤ መነሻ ገንዘቧንም ተቀብላለች። ነገር ግን የምትኖረው በጠባብ የቀበሌ ቤት ነው፤ ዶሮዎቹን የምታኖርበት ቦታ የላትም። የመኖ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል። አብረዋት የሠለጠኑት ጎረቤቶቿም ያንኑ ዕንቁላል ወደዚያው ገበያ ያወጣሉ። በዚህ መካከል የወር ድጋፏ ከተቋረጠ ለሥራው የታሰበው ገንዘብ ለልጆቿ እንጀራ መግዣ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን እናቲቱ ሰነፈች ማለት ፈጽሞ አይገባም። የጎደለው የእርሷ ትጋት ሳይሆን የመሥሪያ ቦታውና ገበያው ነው።

በሰው ቤት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ መሥራትም አንድ መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የገጠሩ ፕሮግራም አራተኛ ምዕራፍ ሦስት የመተዳደሪያ መንገዶችን ለይቶ ነበር፤ እነርሱም እርሻና ከብት እርባታ፣ ከእርሻ ውጭ የሆነ ገቢ፣ እንዲሁም ቅጥር ናቸው። ከሦስቱ ቅጥር በሠልጣኙ እጅ ያልሆነ በር ነው፤ የሚከፍተው አሠሪው ነውና። የምስክር ወረቀት የያዘ ወጣት “ልምድ አለህ?” እየተባለ ከተመለሰ ሥልጠናው ከወረቀቱ አያልፍም። ሕፃን ልጇን የምታኖርበት ያጣች እናትም በሩ ቢከፈትላት እንኳ መግባት ይቸግራታል።

ከዚህ አኳያ ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ የሥልጠናው ዓይነት ከመወሰኑ በፊት ገበያውና የመሥሪያ ቦታው ይጠና፤ ሠልጣኙም የሚሻውንና የሚችለውን ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የምግብ ድጋፉ አዲሱ ሥራ ቤተሰቡን መመገብ እስኪጀምር ድረስ ቀስ በቀስ ይቀነስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥ፤ የተራበ ሰው ከወረታው ላይ መብላቱ የማይቀር ነውና። ሦስተኛ፣ የተመራቂዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ በሥራቸው ላይ የቆዩት ስንት እንደሆኑ ሪፖርት ይቅረብ።

ይህ ሲባል ጉልበት የሌለው ሁሉ በግድ ይሠልጥን ማለት አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ለአረጋዊውና ለአልጋ ቁራኛው የሚሰጠው ጉርስ በራሱ ሙሉ መብት ነው እንጂ የጊዜያዊ መሻገሪያ አይደለም።

የቀረው የእኛ የየዕለቱ ምርጫ ነው። ሠራተኛ የምንፈልግ ባለሱቆች፣ ባለጋራዦችና ባለሆቴሎች ለአንድ ሠልጣኝ የመለማመጃ ቦታ ብንሰጥ፣ ሸማቾችም ከእነዚህ ወገኖች ብንገዛ፣ በዓመት አንድ ቀን የምናካፍለው ማዕድ የዓመቱን ሙሉ እንጀራ ይወልዳል። የተቀበለውም ወገናችን በተራው ከራሱ መደብ ቀንሶ ለሌላው ለመላክ ይበቃል።

መልካም በዓል!